ቁልቁለቱ ላይ የተዘረጋው ገመድ

ፍሬን የሚያዘው በሁለት ጣት ነው። የቀሩት ጣቶች መሪውን እንደጨበጡ ይቆያሉ። ከጭሮ በላይ ባለው ተራራ ጫፍ ላይ ብስክሌታቸውን ይዘው ለቆሙ እንግዶች መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነበር። ቀጥዬ የኋላውን ፍሬን አጥብቀው እንዳይዙ አሳያቸዋለሁ፤ ጎማው ቆልፎ ከተንሸራተተ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ንግግር አላበዛም፤ እንግሊዝኛዬም ለብዙ አይበቃም ነበር። እጄን ወደ ላይ ካነሳሁ ቁሙ ማለት ነው። በግራ ጎኔ ወደ መሬት ካመለከትኩ በግራ በኩል ድንጋይ አለ። መዳፌን ወደ ታች ዘርግቼ ካወዛወዝኩ አፈሩ ልል ስለሆነ ቀስ በሉ ማለት ነው። ይህን ካሳየሁ በኋላ ከፊት ሆኜ እወርዳለሁ፣ እነሱም ይከተሉኛል።

መንገዱ የሚጀምረው የጥዱ ደን ከሚያልቅበት ነው። ቀኑ ከጠራ እዚያ ላይ የቆመ ሰው የሚኤሶ ቆላ ነጣ ብሎ ተዘርግቶ፣ የአሰቦት ተራራ ደግሞ ለብቻው ተነጥሎ ይታየዋል። ከደኑ ሲወጡ መጀመሪያ ቀይ አፈር ነው፤ ከዚያ የተሰነጣጠቀ ነጭ ድንጋይ። አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ይታጠፍና በማሽላ ማሳዎች መካከል ወርዶ፣ ከከተማው ዳር ያለው የእኛ ሰፈር ላይ ያበቃል። የአህያ መንገድ ነው፤ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የእኔ ድርሻ የሚያደናቅፉትን ድንጋዮች ማንሳትና እያንዳንዱን ጉብታ ማወቅ ብቻ ነበር።

ብስክሌትን ያወቅሁት ኳስ ሜዳው አጠገብ ለልጆች በሚከራዩት ነው። ካቴናቸው የላላ፣ ቸርኬያቸው የተጣመመ ነበሩ። አከራዩ ጎረቤታችን ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ እየፈታሁ እገጥምለት ነበር። ያስተማረኝ የለም። የፈታሁትን ዕቃ ሁሉ በፈታሁበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ፤ ስገጥም ከመጨረሻው እጀምራለሁ። አንድ ቀን ጣሪያዋ ላይ ብስክሌት የጫነች መኪና ከተማችን ቆመች። ቱሪስት ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ አስጎብኚ የአንዱ ማርሽ ተበላሽቶበት ሠሪ ይፈልግ ነበር። ሠራሁለት። ሞክሮ ሲመለስ፣ «ከዚህ ተራራ ላይ በብስክሌት የሚወረድበት መንገድ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማታ ማታ ብቻዬን የምወርድበትን አሳየሁት።

ከዚያ በኋላ ክረምቱ ባለፈ ቁጥር እንግዶች ይዞ ይመጣ ጀመር። ጉዞው ከበዴሳ በላይ ተነስቶ በኩኒ በኩል የሚያልፍ ነበር፤ የመጨረሻው ቀን፣ ወደ ጭሮ የሚወረድበት፣ የእኔ ነው። አስጎብኚው አይደብቅም። «ሰዎቹ ይህን ሁሉ ዳገት የሚወጡት ለዚህች ቁልቁለት ነው፤ እሷ ባትኖር ወደዚህ አላመጣቸውም» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር መቀጠል የሚያቅተኝ ሰው ነኝ። ቸርች ውስጥ ምስክርነት እንድሰጥ ስጠራ በጓሮ በር እወጣለሁ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ግን እጄን ሳነሳ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ይቆማል። ሌላ ቦታ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም።

ጥር ሲገባ በእኛ አገር የተፋሰስ ሥራ ይጀመራል። ቀበሌው በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ አንዱ ተራራ ላይ ይወጣና እርከን ይሠራል፤ ቁልቁለቱን በአግድም የሚያቋርጥ ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ከቦዩ በታች ይከመራል። የዝናቡ ውሃ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ ቀስ ብሎ ይሰርጋል እንጂ አፈር ይዞ አይወርድም። በየዓመቱ የሚሠራው ተዳፋት ይለያያል። ያለፉት ዓመታት ከወንዙ ማዶ ነበር። በዚያ ዓመት ተራው የእኛ ቁልቁለት መሆኑን በድምፅ ማጉያ ሲያውጁ የሰማሁት የአንድ ልጅ ብስክሌት ጎማ እየጠገንኩ ነው። ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ እንደነከርኩት ቀረሁ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከዋንዛው በታች ማሳ ያላቸው፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። ያለፈው ክረምት ጎርፍ ማሽላቸውን ከነሥሩ ነቅሎ በቦታው ድንጋይ ትቶላቸው ሄዷል። የሰፈራችን የልማት ቡድን መሪም እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ። ና፣ ተቀመጥ። ዛሬ በእግርህ ነው? የብረት ፈረስህ የት አለ?»

«ቤት ነው።»

«ታመመ እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«እንግዲያው የታመመው ጌታው ነው። ፊትህ እኮ ያስታውቃል።»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ቃላት ስፈልግ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ተነስተው ወደ ማሳቸው ራስጌ ወሰዱኝ። መንገዱ ወደ ማሳው በሚደርስበት ቦታ መሬቱ ተቦርቡሯል። ወርደው መሃሉ ቆሙ፤ ከጉልበታቸው በላይ ዋጣቸው።

«በአባቴ ጊዜ ይህ አልነበረም» አሉ። «አህያ ሲሄድበት ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር ነበረች። ኋላ ውሃው መንገድ አገኘ። መንገዱን ይዞ እኔ ቤት መጣ።»

«የብስክሌቱ ጎማ ነው ይላሉ?»

«እኔ ብስክሌት ነው አልኩ? አህያም ነው፣ ሰውም ነው፣ ውሃውም ራሱ ነው። ከሰስኩህ?»

«አልከሰሱኝም።»

«እኔ የምፈልገው ማሽላዬን ነው፣ ልጄ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ ይገኛል። እርከኖቹ ላይ በመንገዱ ትክክል የአንድ ክንድ ስፋት ብቻ ክፍት እንዲተውልኝ ለመንኳቸው። እሳቸው ወደ ግብርና ባለሙያዋ መሩኝ። «እሷ ናት የምታውቀው፤ እሷ ይሆናል ካለች እኔ ምን ከፋኝ» አሉ።

ባለሙያዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሰፊ ባርኔጣ የምታደርግ ልጅ ናት። ጥያቄዬን ሰምታ አልሳቀችም። አጎንብሳ ዘንበል ያለ መሬት ላይ በጣቷ በአግድም መስመር መስመር ቆፈረች፤ በየመስመሩ መሃል አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ተወች። ከዚያ የምትጠጣውን ውሃ ከላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችበት። ውሃው በየቦዩ ከመተኛት ይልቅ ወደ ክፍተቶቹ ተሰበሰበና በአንድ መስመር ፈጥኖ ወረደ። ጫማዬ አጠገብ ሲደርስ ጭቃ ይዞ ነበር።

«እርከን ከሌለበት ጊዜም ይብሳል» አለች። «አልፈልግም ብዬ አይደለም።»

«ለአህያውስ?»

«አህያ በመኪናው መንገድ ይዞራል። እናንተም ዙሩ።»

የመኪናው መንገድ በጭነት መኪናና በጫት ጫኝ የተሞላ ነው። ይህንን እሷም ታውቃለች።

ከሰፈራችን በላይ የውሃ ማጠራቀሚያው ያለበት ጉብታ ላይ ስልክ ይሠራል። እዚያ ወጥቼ ደወልኩ። አስጎብኚው እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ወንድሜ፣ ሰዎቹ ትኬት ቆርጠዋል» አለ። «ሌላ መስመር ፈልግልኝ። ያን የሚያህል ተራራ መንገድ ያጣል?»

ያን የሚያህል ተራራ መንገድ አጥቶ ነበር። ሥራ በፈታሁ ቁጥር እየወጣሁ ዞርኩት። በምዕራብ በኩል ያለው ሁሉ በቁልቋልና በእሾህ የታጠረ የጫት ማሳ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሸንተረር በመቃብር ቦታ አጠገብ ያልፋል። በእኛ አገር በመቃብር አጠገብ በበቅሎም ሆነ በምንም የሚያልፍ ሰው ወርዶ በእግሩ ነው የሚያልፈው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ቁልቁለቱ ብስክሌት አቁሞ ለመውረድ ፋታ አይሰጥም። ምሥራቁ ድንጋይ ብቻ ነው። ወራት ያለው ሰው ድንጋዩን አንስቶ መስመር ሊያወጣበት ይችል ነበር። እኔ ወራት አልነበረኝም።

እናቴ ስገባ ስወጣ ታየኝ ነበር። «ጸልይበት እንጂ» አለችኝ አንድ ቀን።

«ምን ብዬ ልጸልይ? እርከኑ ይቅር ብዬ?»

ያን ሽማግሌ ታውቃቸዋለች፤ የጠፋውን ማሽላም አይታለች። «እሱንስ አትጸልይ» አለች።

ዘመቻው ሲጀመር እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ያለው ሕዝብ ብዛት የገበያ ቀን ይመስል ነበር። ከመቆፈሩ በፊት መስመሩ ይወጣል። ይህ የሚሠራው በሁለት እኩል እንጨቶች መሃል በተወጠረ ገመድ ነው፤ ገመዱ መሃል ላይ ትንሽዬ ውሃ ልክ ትንጠለጠላለች። ሁለት ሰዎች እንጨቶቹን ይይዛሉ፤ ሦስተኛው የውሃ ልኳን አረፋ እያየ ከፍ፣ ዝቅ ይላቸዋል። አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም «በቃ» ይላል፣ ችካል ይመታል። ባለሙያዋ አረፋዋን የሚያይላት ሰው ጠየቀች።

«ያ ብስክሌት ሠሪው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ቸርኬ በዓይኑ ነው የሚያቃናው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «አዎ፣ እሱ ዓይኑ ልክ ነው» አሉ። አካፋዬን ተቀበሉኝ።

የመጀመሪያው መስመር መንገዴን ያቋረጠው መዳፌን ወደ ታች የማወዛውዝበት፣ አፈሩ ልል የሆነበት ቦታ ላይ ነው። ለእንግዶቹ አሥር ጊዜ ያሳየሁት ቦታ ነበር። ገመዱ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ተወጠረ። አረፋዋን አየሁ። በትንሹ ባዛንፈው ማንም አያውቅም። መስመሩ ከተዛነፈ ግን ውሃው ወደ ዝቅተኛው ጎን ሄዶ እዚያ ላይ ይጥሰዋል፤ ከጣሰው የሚወርደው የሽማግሌው ማሳ ላይ ነው። ደግሞም ጠማማ ነገር ቀጥ ነው ማለት አይሆንልኝም። «ከፍ» አልኩ። «ዝቅ» አልኩ። «በቃ» አልኩ። ችካሉ ተመታ።

«አቦ፣ ሹፌር!» አለ አንድ ጎረምሳ ዶማውን ተደግፎ። «ገመዱን ዝቅ አድርገው፣ ፈረንጆችህ አንገታቸውን ይዟቸው እንዳይቀር!»

«ምን ቸገራቸው፣ ይዘሉታል» አለ ሌላው።

«ፈረንጅ ፍየል ነው እንዴ?»

«ፍየሉ እሱ ነው፤ ከፊት የሚወርደው እኮ እሱ ነው!»

ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያስቅ ነበር። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ወረድን። ከእኔ በስተኋላ ዶማ መሬቱን ሲመታ እሰማ ነበር፤ ዞሬ አላየሁም።

እንግዶቹ የመጡት ሥራው ሳያልቅ ነው። ከደኑ ጫፍ ላይ አስጎብኚው ወደ ጎን ጠራኝ።

«እስከ የት ተቆፍሯል?»

«ከዋንዛው በላይ ያለው በሙሉ። ከዋንዛው በታችም ጀምረዋል።»

«የቀረልን የቱ ነው?»

«ቀዩ አፈር። እሱም እስከ መጀመሪያው እርከን።»

«እሺ፣ እንውረድ» አለ። «መጥተው አይመለሱ።»

ሁለቱን ጣት አሳየኋቸው። ከመካከላቸው ፀጉሯ የሸበተ አንዲት ሴት ነበረች፤ ከሁሉም ይልቅ በጥንቃቄ አየችኝና ጣቶቿን እንደኔ አድርጋ፣ ልክ ነኝ ወይ በሚል ዓይን ጠየቀችኝ። ልክ ነበረች። ወረድን። ቀዩ አፈር ላይ ጎማዎቹ የሚያሰሙትን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ እየሰማሁት መሆኑን አውቅ ነበር። አንዱን ጉብታ እንዳለፍን እርከኑ ታየኝ፤ እጄን አነሳሁ። ሁሉም ከኋላዬ ቆሙ፤ አንድም ሰው አልተንሸራተተም። ከተነሳው እጅ ቀጥሎ ግን ምን እንደማሳያቸው አላውቅም ነበር። ለሚሆነው ነገር ምልክት አልነበረኝም።

ብስክሌቶቹን ተሸክመን ቦዩን ተሻገርን። ጥቂት እንደሄድን ሁለተኛው መጣ። ከዚያ ሦስተኛው። መንዳቱን ተውነው። ከታች የሚቆፍሩት ሰዎች አዩን፤ ሽማግሌው ቀና ብለው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተመለከቱና «ጉዛ!» ብለው ጮኹ። ጉዛ በእኛ አገር ሰፈሩ ለአንድ ሰው ሥራ ተጠራርቶ የሚያግዝበት ነው። ዶማው ሁሉ መሬት ላይ ቀረ። ሰዎቹ ከእርከን እስከ እርከን ተሰልፈው ብስክሌቶቹን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉ ጀመር፤ ወዲያው ዘፈን ተነሳ፣ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል። ብስክሌቶቹ በሰው ራስ ላይ ሆነው፣ ጎማቸው በባዶው እየዞረ ወረዱ። ሽበታሟን ሴት የሰፈሩ ሴቶች ሁለት እጇን ይዘው አሻገሯት። እሷ እየሳቀች ነው፤ እነሱም ይስቃሉ።

«ንገራቸው» አሉኝ ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ። «እንግዶቻችን ናችሁ በላቸው። አፈሩን ብቻ አይርገጡት፤ ገና አልጠነከረም።»

ለአስጎብኚው ነገርኩት፣ እሱ ነገራቸው። እግራቸውን እየመረጡ ተራመዱ። ዋንዛው ሥር ሲደርሱ ቆሎ ተሰጣቸው። በሌላ ጊዜ ትንፋሽ ሳንሰበስብ የምንጨርሰው መንገድ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጀ፤ ከላይ ከቀዩ አፈር በቀር አንድም ሰው ኮርቻ ላይ አልተቀመጠም። ሽበታሟ ሴት እጄን ይዛ ብዙ ነገር ተናገረች። አስጎብኚው፣ «ከጉዞው ሁሉ እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም ነው የምትለው» ብሎ ተረጎመልኝ። ሲተረጉም ወደ እኔ አላየም።

ከተማ ደርሰን ብስክሌቶቹን መኪናው ጣሪያ ላይ አብረን አሰርን።

«ሰዎቻችሁ በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለኝ።

«አዎ።»

«ግን ብስክሌት አልነዱም።»

«አልነዱም።»

«ገብቶሃል አይደል?»

«ገብቶኛል።»

ትርፍ ከመነዳሪዎችና አንድ ጥንድ አዲስ ፍሬን ሰጠኝ። ሌላ ክፍለ ሀገር ያየው ቁልቁለት እንዳለ ነገረኝ። «አንተ ግን መንገድ ካወጣህ ደውልልኝ» አለ። ይህን ሲል ከልቡ ይመስለኛል።

ክረምቱ ገባ። ከከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ጠዋት ወጣሁ። ውሃው በየቦዩ ውስጥ ተኝቶ ሰማዩን ያሳያል፤ አንዱም ወደ ጎን አላዘነበለም፣ አንዱም አልጣሰም። ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው። በሽማግሌው ማሳ ውስጥ ማሽላው ከእኔ ወገብ አልፏል። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላውቅም ነበር፤ ጫማዬ አጠገብ ጭቃ ይዞ የሚወርድ ውሃ አለመኖሩን ግን አየሁ።

ዝናቡ ሲያበቃ ምሥራቁን ጀመርኩ። ከሥራ መልስ ብቻዬን እወጣና መስመሩን እየመረጥኩ ድንጋይ አነሳለሁ። ትልልቁን አንከባልላለሁ፣ ትንንሹን ተሸክሜ ከመስመሩ ግራና ቀኝ እከምራለሁ። ድንጋይ የሚከመረው ጠፍጣፋው ከታች ሆኖ ነው፤ አለዚያ ተንዶ ይመለሳል። ክምሮቹ ከሩቅ ይታዩ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአስጎብኚው ብቻ ደውዬ እስከ ግማሽ መድረሴን ነገርኩት። «በርታ፣ ሲያልቅ መጥቼ አያለሁ» አለ። ታኅሣሥ ላይ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታች ድረስ በብስክሌት አንድ ጊዜ ወረድኩበት። ከቀድሞው መንገዴ ይልቅ ያንገጫግጫል፤ ግን መንገድ ነበር።

ጥር ላይ ሽማግሌው ከባለሙያዋ ጋር ቤታችን መጡ። እናቴ ወንበር አቀረበች። ጺማቸውን አዲስ ሂና ተቀብተው ደስ ብሏቸው ነበር፤ ማሽላቸው ጥሩ ገብቶላቸዋል።

«ዘንድሮ ተራው የምሥራቁ ነው» አሉ። «እሱ ድንጋይ ስለሆነ አይቆፈርም፤ እርከኑ የድንጋይ ካብ ነው የሚሆነው። ድንጋይ ስንለቅም ልንከርም ነው ብዬ ወጣሁ። ተለቅሞ፣ ተከምሮ፣ በመስመር ተቀምጦ አገኘሁት። ማነው ብል አንተ ነህ አሉኝ። አላህ ይስጥህ፣ ልጄ። አላህ ዕድሜ ይስጥህ።»

«አባባ፣ ድንጋዩ እኮ...»

«አቤት?»

ባለሙያዋ አየችኝ። ገብቷት ነበር፤ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። እናቴም በሩ ላይ ቆማ ምን እንደምል ትጠብቅ ነበር።

«ምንም» አልኩ።

«ገመዱን የምታየው አንተ ነህ» አሉ ሲነሱ። «ያለ አንተ ይጣመምብናል።»

በማግስቱ ወጣሁ። ክምሮቹ ዘንድ ሰዎች ቀድመውኝ ደርሰው ድንጋዩን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነበር። ያ ጎረምሳ ከሩቅ፣ «አቦ ሹፌር፣ ዘንድሮ ሥራ ቀነስክልን!» አለኝ። ሁለቱ እንጨት ያዦች ቆሙ፣ ገመዱ ተወጠረ። የመጀመሪያው መስመር ባለፈው ወር በብስክሌት በወረድኩበት ላይ ያልፋል። አጎንብሼ አረፋዋን አየሁ።

«የላይኛው ትንሽ ዝቅ» አልኩ። «ትንሽ። አሁንም።»

አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች።

«በቃ» አልኩ።